ተርሚናል ላይ ከፎልደር ፎልደር ቶሎ መድረስ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ለሁላችሁ። ተርሚናል (ትእዛዝ እየጻፍን ኮምፒውተሩን የምናዝዝበት መስኮት) ላይ ጊዜ የሚበላው ከባዱ ትእዛዝ አይደለም። ከባዱን ትእዛዝ አንዴ ፈልገን እናገኘዋለን፣ ኮፒ አድርገን እናስቀምጠዋለን። ጊዜ የሚበላው ፎልደር መቀየር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስለምናደርገው። እኔ የተለያዩ ደንበኞችን ድረ ገጽ እሠራለሁ፣ እጠብቃለሁ። ከዚያ ጎን ለጎን ስካን የተደረጉ የቆዩ ጋዜጦችንና የአማርኛ ሰነዶችን አደራጃለሁ። አንዱ ደንበኛ ጋ ገጽታው ያለበት ፎልደር ስድስት ደረጃ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወጥቶ ሰነድ ጋ መሄድ፣ ተመልሶ መምጣት፣ እንደገና መሄድ። በዚህ በኩል የተማርኩትንና አሁን የምጠቀምበትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

ትእዛዞቹን እንደምንጠራቸው በራሳችን ፊደል እጽፋቸዋለሁ። ተርሚናሉ ላይ ያው በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

የምከተለው አንድ ሐሳብ አለ። አንዴ የሄድኩበትን አድራሻ ሁለተኛ ሙሉውን አልጽፈውም። ማስታወስ የማሽኑ ሥራ ነው። የቀረው ሁሉ ይህን እንዴት እናሠራው የሚለው ነው።

ከመሠረቱ ልጀምር። ሲዲ፣ ማለትም ፎልደር መቀየሪያው ትእዛዝ፣ ምን እንደሚሠራ በደንብ ሲገባኝ ነው ሌላው ሁሉ ቦታ ቦታውን የያዘልኝ። ተርሚናል ስትከፍቱ አንድ ሼል፣ የምትጽፉትን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም፣ ይነሣል። ሊኑክስ ላይ ብዙውን ጊዜ ባሽ ነው። ማክ ላይ ደግሞ በ2019 ከወጣው ካታሊና ወዲህ ዜድሼል ነው። ይህ ሼል «አሁን ያለሁት እዚህ ፎልደር ነው» የሚል መረጃ ይዞ ይዞራል። ሌላ ፕሮግራም ስታስነሡ ፕሮግራሙ ያን መረጃ ይወርሳል፤ የሚወርሰው ግን ቅጂውን ነው። የራሱን ቢቀይር የሼሉ አይነካም።

ዩኒክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሠሩት ሰዎች ይህ የደረሰባቸው ገና በጠዋቱ ነው። በ1969 በቤል ላብስ ሥራው ሲጀመር ማሽናቸው ፒዲፒ-7 ነበር። እያንዳንዱ ትእዛዝ በራሱ ፕሮሰስ (ለብቻው እንደሚሮጥ ፕሮግራም) እንዲሮጥ አድርገው ሲያበቁ፣ ፎልደር መቀየሪያው ትእዛዝ መሥራት አቆመ። ታሪኩን የጻፈው ከፈጣሪዎቹ አንዱ ዴኒስ ሪቺ ነው። ትእዛዙ ይነሣል፣ የራሱን ፎልደር ይቀይራል፣ ያበቃል። ሼሉ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። መፍትሔው ትእዛዙን ራሱ ሼሉ እንዲፈጽመው ማድረግ ሆነ። ዛሬም እንደዚያው ነው። «ታይፕ ሲዲ» ብላችሁ ብትጠይቁት ባሽ ሲዲ የራሱ የውስጥ ትእዛዝ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ይህ ተረት ብቻ አይደለም። ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛ፣ ስክሪፕት (ትእዛዞች የተደረደሩበት ፋይል) ውስጥ ሲዲ ብትጽፉ ስክሪፕቱ ሲያልቅ ራሳችሁን የምታገኙት እዚያው በነበራችሁበት ነው። ሁለተኛ፣ ከዚህ በታች የማነሣቸው መዝለያ ፕሮግራሞች ለምን የሼሉ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር እንደሚጠይቁ። ፕሮግራሙ አድራሻውን ያገኛል፤ ሲዲ የሚለው ግን ሼሉ ውስጥ የተቀመጠ ፋንክሽን (በአንድ ስም የሚጠራ የትእዛዞች ስብስብ) ነው። «ጫንኩት፣ ግን አይሠራም» የምትሉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ያንን መስመር ፈትሹ። መስመሩን ከጨመራችሁ በኋላ ተርሚናሉን ዘግቶ መክፈትም አይረሳ።

አሁን ወደ ትንንሾቹ።

ሲዲ ብቻውን ኢንተር ሲባል ወደ ቤት ፎልደር ይመልሳል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። «ሲዲ -» ግን የሚገባውን ያህል አይነገርለትም። ሲዲ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ። ቅድም የነበራችሁበት ፎልደር ይወስዳችኋል፣ የደረሳችሁበትንም አድራሻ ያትምላችኋል። ደግማችሁ ብትሉት ይመልሳችኋል። ሼሉ ይህን የሚያደርገው የቀድሞውን ፎልደር በአንድ ተለዋዋጭ (ስም ባለው የመረጃ መያዣ) ስለሚይዘው ነው። ሁለት ፎልደር እያፈራረቃችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሌላ ምንም አያስፈልጋችሁም። እኔ ድረ ገጽ ሳስተካክል አንዱ ፎልደር ኮዱ ነው፣ ሌላው የሰርቨሩ መዝገብ ያለበት ነው። ማስተካከል፣ «ሲዲ -»፣ መዝገቡን ማየት፣ «ሲዲ -»። ጣቴ ራሱ ለምዶታል።

አዲስ ፎልደር ፈጥሮ ወዲያው ውስጡ መግባትም አለ። ስሙን ሁለት ጊዜ መጻፍ አያስፈልግም። ፎልደሩን ከፈጠራችሁ በኋላ ሲዲ ብላችሁ ክፍት ቦታ ስጡና አልት ይዛችሁ ነጥብ ንኩ። ካለፈው ትእዛዝ የመጨረሻው ቃል እዚያው ይመጣል። ደጋግማችሁ ብትነኩት ከዚያ በፊት ወደነበሩት ትእዛዞች ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህ ለፎልደር ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ረጅም ስም ይሠራል፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው የኪቦርድ አቋራጭ ይሄ ነው።

ታብን ማንም አይዘልለውም ብዬ አስባለሁ። የስሙን መጀመሪያ ጽፋችሁ ታብ ትነካላችሁ፣ ሼሉ ይሞላዋል። ሁለት የሚመሳሰሉ ካሉ እስከሚለያዩበት ድረስ ሞልቶ ይቆማል፤ ባሽ ላይ ሁለት ጊዜ ስትነኩት አማራጮቹን ይዘረዝራል። ዜድሼል እዚህ ላይ በጣም ይበልጣል። የእያንዳንዱን ደረጃ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ በስላሽ እየለያችሁ ጽፋችሁ አንድ ጊዜ ታብ ብትሉ ሙሉውን አድራሻ ይዘረጋዋል። ባሽ ላይ ለቀረን ደግሞ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል እንዳይለይ ማድረግ ይቻላል። በነጥብ የሚጀምረው «ኢንፑትአርሲ» ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ቀን ሙሉ ሺፍት ከመንካት ያድናል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ሲዲፓዝ ነው። ይህ ሼሉ ውስጥ የምታስቀምጡት ተለዋዋጭ ነው። «ሲዲ ብዬ ስም ስጠራ እነዚህ ፎልደሮች ውስጥም ፈልግልኝ» ትሉታላችሁ። የደንበኞቼ ፎልደሮች ሁሉ አንድ ቦታ ነው ያሉት። ያንን ቦታ ሲዲፓዝ ውስጥ ካስገባሁ በኋላ የትም ሆኜ ሲዲ ብዬ የደንበኛውን ስም ስጠራ ቀጥታ ይገባል። ምንም መጫን አያስፈልግም፤ ባሽ ባለበት ሁሉ ይሠራል።

ሁለት ማሳሰቢያ አለው። ዝርዝሩን በነጥብ ጀምሩት፤ ነጥብ ማለት አሁን ያለሁበት ማለት ነው። ያለዚያ እዚሁ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ፎልደር ትቶ ተመሳሳይ ስም ያለውን ሌላ ቦታ ሊከፍትላችሁ ይችላል። ሁለተኛ፣ ተለዋዋጩን «ኤክስፖርት» አታድርጉት። ኤክስፖርት ከተደረገ የምታስነሷቸው ስክሪፕቶችም ይወርሱታል፣ ውስጣቸው ያለው ሲዲ ያልታሰበበት ቦታ ሊሄድ ይችላል። ለእናንተ ጣት የተዘጋጀ ነገር የሌላ ሰው ስክሪፕት ውስጥ መግባት የለበትም።

ፑሽዲና ፖፕዲ የሚባሉት ትእዛዞች ላይ ብዙ አልቆይም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በበርክሌይ ቢል ጆይ ከሠራው፣ ሲሼል ከሚባለው ሼል የመጡ ናቸው። ፑሽዲ ያላችሁበትን ፎልደር መዝገብ ላይ አስቀምጦ ወደ አዲሱ ይሄዳል፣ ፖፕዲ ደግሞ ከመዝገቡ አንስቶ ይመልሳችኋል። ጥሩ ናቸው። ችግሩ ከመሄዳችሁ በፊት «እመለሳለሁ» ብላችሁ ማሰብ አለባችሁ። እኔ የት እንደምመለስ የማውቀው ከሄድኩ በኋላ ነው። ዜድሼል ላይ ግን «ኦቶፑሽዲ» የሚባል ምርጫ አለ። እሱን ካበራችሁት እያንዳንዱ ሲዲ ራሱ መዝገብ ላይ ይገባል። ከዚያ «ሲዲ -» ብላችሁ ክፍት ቦታ ሳትሰጡ ታብ ስትነኩ የሄዳችሁባቸው ፎልደሮች በቁጥር ተደርድረው ይወጣሉ። እንደዚህ ሲሆን ይጠቅማል።

ዜድሼል ላይ ሌላ በጣም ያስደሰተኝ ነገር አለ። ሲዲ ሁለት ቃል ይቀበላል። የመጀመሪያውን አሁን ካላችሁበት አድራሻ ውስጥ ፈልጎ በሁለተኛው ይተካዋል። የደረሰኝ ፎልደሮቼ በዓመት የተከፋፈሉ ናቸው። «2016ዓም» ውስጥ አንድ ደንበኛ፣ በውስጡ ደረሰኝ፣ በውስጡ ደግሞ የተከፈለ የሚል አለ። የሚቀጥለውም ዓመት ቅርጹ አንድ ነው። እዚያ ጥግ ላይ ቆሜ «ሲዲ 2016 2017» ስል በቀጥታ የሚቀጥለው ዓመት የተከፈለ ውስጥ እገኛለሁ። ወደ ላይ አራት ደረጃ ወጥቶ አራት ደረጃ መውረድ የለም። (ቁጥሩ ላይ «ዓም» የምጨምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከውጭ የሚላኩልኝ ፋይሎች በፈረንጆቹ ዓመት ነው የሚመጡት። 2017 ብቻ ብዬ ብተወው የትኛው 2017 እንደሆነ ከስሙ ማወቅ አይቻልም።)

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በራሴ ላፕቶፕ ላይ ሥራዬን በእውነት የቀየረው ዞክሳይድ የሚባለው ፎልደር መዝለያ ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፣ በረስት ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ ባሽም ዜድሼልም፣ ሌሎቹ ሼሎች ፊሽም ፓወርሼልም ላይ ይሠራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከእሱ በፊት ኦቶጃምፕ ነበረ፣ ዜድ የሚባለው ትንሽ ስክሪፕትም ነበረ። ዞክሳይድ የምትጠሩበትን ስም ከዚያ ወስዷል፤ ዜድ ብላችሁ የፎልደሩን ስም ቁራጭ ትጽፋላችሁ። ይወስዳችኋል።

እንዴት ነው የሚያውቀው? ፎልደር በቀየራችሁ ቁጥር ይመዘግባል። መጀመሪያ የገባችሁበት ፎልደር 1 ነጥብ ያገኛል፣ በሄዳችሁ ቁጥር 1 ይጨመርለታል። ስትጠሩት ግን ነጥቡን ብቻ አያይም፣ መቼ እንደሄዳችሁም ያያል። ባለፈው አንድ ሰዓት ውስጥ ከሄዳችሁበት ነጥቡ በ4 ይባዛል። ባለፈው አንድ ቀን ውስጥ ከሆነ በ2 ይባዛል። በሳምንት ውስጥ ከሆነ ለ2 ይካፈላል። ከዚያ ካለፈ ለ4 ይካፈላል።

በቁጥር እንየው። እንበልና «ገጽታ» የሚባል ፎልደር ሁለት ደንበኛ ጋ አለ። የቆየው ደንበኛ ጋ 40 ነጥብ አለው፣ ግን ከሄዳችሁበት ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አዲሱ ጋ 6 ነጥብ ብቻ አለው፣ ግን አሁን እየሠራችሁበት ነው። ዜድ ገጽታ ስትሉ የቆየው 40 ለ4፣ ማለትም 10 ይሆናል። አዲሱ 6 በ4፣ 24 ይሆናል። ወደ አዲሱ ትሄዳላችሁ። ሥራ ጨርሳችሁ በማግሥቱ ጠዋት ብትጠሩት፣ አዲሱ 6 በ2፣ 12 ነው፤ አሁንም ይበልጣል። ሁለት ቀን ሳትነኩት ብትቆዩ ግን ወደ 3 ይወርዳል፣ የቆየው ይቀድመዋል። ሥራችሁ ወዴት እንዳዘነበለ ይከተላል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ካየሁ በኋላ «ለምን እዚህ ወሰደኝ» የሚለው ጥያቄ ቀረልኝ።

ሁለት ቃል መስጠትም ይቻላል። «ዜድ ፋርማሲ ገጽታ» ካልኩት አድራሻው ውስጥ ፋርማሲ ከዚያ በኋላ ገጽታ ያለበትን ይፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ የመጨረሻው ቃል ከመጨረሻው ፎልደር ስም ጋር መግጠም አለበት። ዜድ ፋርማሲ ብቻ ብትሉ ፋርማሲ የሚለው ፎልደር ራሱ ይከፈታል እንጂ በውስጡ ያለው አንድ ነገር አይከፈትም። ይህ ሕግ መጀመሪያ ግትር ይመስላል። ከለመዳችሁት በኋላ ግን የት እንደምትደርሱ ከመንካታችሁ በፊት ታውቃላችሁ፤ መታመን የሚጀምረውም ያኔ ነው።

ዝርዝሩ አያብጥም። የሁሉም ፎልደር ነጥብ ድምር 10,000 ሲያልፍ ሁሉንም ዝቅ ያደርጋቸዋል፣ ከ1 በታች የወረዱትን ያስወግዳቸዋል። መዝገቡ የሚቀመጠውም እዚያው ማሽናችሁ ላይ ነው።

አንዳንዶች ዞክሳይድን ሲዲ በሚለው ስም እንዲመልስ ያደርጉታል። ይቻላል፣ ሲጀመር በምትሰጡት ምርጫ ነው። እኔ አላደረግሁትም። ሲዲ ሲዲ ይሁን፣ ዜድ ዜድ ይሁን። ሰርቨር ላይ ስገባ ዞክሳይድ የለም፤ ጣቴ ሲዲ ሲል ቁራጭ ስም መስጠት ከለመደ እዚያ ይቸገራል። ሁለቱን ለያይቶ መልመድ ይሻላል ባይ ነኝ።

ዞክሳይድ ሄዳችሁበት የማታውቁትን ፎልደር አያውቅም። ለዚያ ኤፍዜድኤፍ የሚባል ከዝርዝር ፈልጎ ማስመረጫ ፕሮግራም አለ፣ ጁነጉን ቾይ የሠራው፣ ከ2013 ጀምሮ ያለ። አልት ይዛችሁ ሲን ስትነኩ ካላችሁበት ወደ ታች ያሉ ፎልደሮች ሁሉ ይዘረዘራሉ። የተወሰኑ ፊደላት ስትጽፉ ዝርዝሩ እያጠረ ይሄዳል፤ ፊደላቱ በቅደም ተከተላቸው ይምጡ እንጂ ጎን ለጎን መሆናቸው ግዴታ አይደለም። የምትፈልጉት ላይ ኢንተር ስትሉ ውስጡ ናችሁ። አዲስ የተላከልኝን የደንበኛ ኮድ ስከፍት የምጀምረው በዚህ ነው፤ ምን የት እንዳለ ስፈልግ አወቃቀሩንም አብሬ አያለሁ። ማክ ያላችሁ፣ ያ አቋራጭ ፎልደር ከማውጣት ይልቅ ጭራ ያላት የላቲን ሲ ይጽፍባችኋል። ተርሚናሉ ምርጫ ውስጥ ገብታችሁ ኦፕሽን ቁልፉ እንደ ሜታ (ማለትም እንደ አልት) እንዲሠራ አድርጉት። ኤፍዜድኤፍ ካለ ዞክሳይድም «ዜድአይ» በሚለው ትእዛዝ ዝርዝሩን አውጥቶ ያስመርጣችኋል።

እስካሁን ያልኩት የትም አገር ያለ ሰው ሊያገኘው የሚችል ነው። የሚቀጥለው ግን እኛን ይመለከታል። ፎልደሮቻችሁን በአማርኛ ከሰየማችሁ።

የሥራ ፎልደሮቼን በላቲን ፊደል ነው የምሰይማቸው። ሰነዶቹንና ጋዜጦቹን ግን በአማርኛ፤ የአማርኛ ጋዜጣ ስም በላቲን ሲጻፍ ሦስት አራት ዓይነት ይሆናል፣ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደላት ዝርዝር) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዛሬ ሊኑክስም ማክም የአማርኛ ስም ያለ ምንም ችግር ያስቀምጣሉ። ችግሩ ያለው አጻጻፋችን ላይና ታብ ላይ ነው።

መጀመሪያ ኪቦርድ መቀያየሩ አለ። ሲዲ በላቲን፣ ስሙ በአማርኛ፣ የሚቀጥለው ትእዛዝ እንደገና በላቲን። የሠራልኝ መላ ፎልደሩን በቁጥር ማስጀመር ነው። «01-ጋዜጣ»፣ «02-ደብዳቤ»፣ «03-ትርጉም»። ሲዲ፣ 03፣ ታብ፤ የቀረውን ሼሉ ይሞላዋል። ኪቦርድ ሳልቀይር አማርኛው ፎልደር ውስጥ ነኝ። ሌላው የዜድሼል የምርጫ ዝርዝር ነው። እሱን ካበራችሁት ታብ ደጋግማችሁ ስትነኩ በቀስት ቁልፍ እየተንቀሳቀሳችሁ ትመርጣላችሁ፣ ምንም ፊደል መጻፍ ሳያስፈልግ።

ሁለተኛው ነገር ስሙ ሲበዛ የሚመጣ ነው። የላቲን ፊደል የለመደ ሰው የነጠላውን ስም ጽፎ ታብ ሲል የብዙው ይሞላለታል ብሎ ይጠብቃል። እኛ ጋ ግን ፊደሉ ራሱ ይቀየራል። ፎልደሩ «ሰነዶች» ከሆነ «ሰነድ» ብላችሁ ታብ ብትነኩ ዝም ይላችኋል። ሼሉ የሚያወዳድረው ፊደል በፊደል ነው፤ ድ እና ዶ ለእሱ ሁለት የማይገናኙ ፊደላት ናቸው። «ትርጉም» ብላችሁ «ትርጉሞች»ን አታገኙም፤ ም እና ሞ ናቸው። መላው አንድ ፊደል ቀደም ብሎ ማቆም ነው። «ሰነ» ብላችሁ ታብ፣ «ትርጉ» ብላችሁ ታብ። ዜድ ብላችሁ ስትጠሩም እንደዚያው፤ ዞክሳይድ ቁራጭ ስለሚቀበል «ሰነ» ይበቃዋል። ይህን ከለመድኩ ወዲህ የመጨረሻውን ፊደል ላለመጻፍ እጄ ራሱ ይቆማል።

ሦስተኛው ሞክሼ ፊደላቱ ናቸው። ይሄ ነው ከሁሉም የሚያስቸግረው። አንዱ «ሰነዶች» ይላል፣ ሌላው «ሠነዶች»። አንዱ «ጸሎት»፣ ሌላው «ፀሎት»። «ዓመት»፣ «አመት»። ስናነባቸው አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን ምንም አይገናኙም። ታብም፣ ዞክሳይድም፣ ኤፍዜድኤፍም ይህን አያውቁም። ለላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደልን እንደ አንድ የሚያይ ምርጫ አላቸው፤ ለእኛ ሰ እና ሠ የሚሆን የለም። ከሌላ ሰው የመጣ ፎልደር ሲሆን በየትኛው እንደተጻፈ አይታወቅም።

ባሽ ላይ በዚያው ጊዜ የሚሠራ ነገር አለ። ሁለቱን ፊደላት በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ትከቷቸዋላችሁ፦ «ሲዲ [ሰሠ]ነዶች»። ሼሉ ከሁለቱ ያለውን አግኝቶ ይገባል። ኮከብ ጨምራችሁ «ሲዲ [ሰሠ]ነ*» ማለትም ትችላላችሁ። ሁለቱም ስም ያላቸው ፎልደሮች እዚያው ካሉ ግን አዳዲሶቹ ባሾች ብዙ ስም ተሰጠኝ ብለው ይቆማሉ። በነገራችን ላይ ያ ሲሆን ደስ ይበላችሁ፤ መዋሐድ የነበረባቸው ሁለት ፎልደሮች አገኛችሁ ማለት ነው። እኔ የራሴን ፎልደሮች ስሰይም አንድ ሕግ ይዣለሁ፦ ሁሌ በሰ፣ ሁሌ በጸ፣ ሁሌ በሀ፣ ሁሌ በአ። ከዚህ የወጣው «ዓም» ብቻ ነው፤ እሱን ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚጽፈው። ጽሑፍ ውስጥ ትክክለኛውን ሆሄ እጠብቃለሁ፤ ፎልደር ስም ላይ ግን ማግኘት ይቀድማል።

ስለ ርዝመትም ልበል። የሊኑክስ የተለመደው ፋይል ሲስተም አንድን ስም እስከ 255 ባይት ይፈቅዳል። የላቲን ፊደል 1 ባይት ነው፣ የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የፊደል አቀማመጥ ዘዴ) 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ለእኛ 85 ፊደል ማለት ነው። ለፎልደር ይበቃል። የጋዜጣ ርዕስ እንዳለ የፋይል ስም ለሚያደርግ ሰው ግን ይደርስበታል።

አራተኛው ሰርቨር ላይ ነው። ቋንቋው በትክክል ያልተዋቀረ ሰርቨር ውስጥ ገብታችሁ ስትዘረዝሩ የአማርኛው ስም የለም። በቦታው ሰ ያለበት \341\210\260 የሚል ቁጥር ይወጣል። ስሙ አልጠፋም፣ አልተበላሸም። ያ ቁጥር የፊደሏ ሦስት ባይቶች ናቸው፣ የሚዘረዝረው ትእዛዝ እንደ ፊደል ማንበብ አልቻለም እንጂ። ሎካሉን (የቋንቋና የፊደል ማዋቀሪያውን) ወደ ዩቲኤፍ-8 ስትቀይሩት አማርኛው ተመልሶ ይመጣል። ይህን ስላላወቁ ብቻ ፋይሉን እንደገና የሚሰይሙ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ ከመንካታችሁ በፊት ሎካሉን እዩ።

ሰርቨር ካነሣሁ አይቀር፣ ለምን መሠረታዊዎቹን አስቀድሞ መልመድ እንደሚሻል ልንገራችሁ። ማሽኑ የእኛ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ምንም መጫን አይፈቀድልንም። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ማሽን ጋር በተርሚናል በሚያገናኘው ዘዴ) አውሮፓ ያለ ሰርቨር ላይ ስንሠራ እያንዳንዷ የምንነካት ፊደል ደርሳ ተመልሳ ነው ስክሪኑ ላይ የምትታየው። ኔትወርኩ ሲደክም ረጅም አድራሻ መጻፍ ራሱን የቻለ ፈተና ይሆናል። እዚያ የሚያድኑን ታብ፣ «ሲዲ -»፣ አልት ነጥብ ናቸው። ኮንትሮል አርም አለ፤ ቀድሞ የጻፍነውን ትእዛዝ በቁራጭ ስም ፈልጎ ያመጣል፣ ረጅም ሲዲም ቢሆን። አዲስ የሚጀምር ሰው ምክር ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ እነዚህን፣ ከዚያ ሲዲፓዝን፣ ከሁሉም በኋላ ዞክሳይድን እለዋለሁ። በዞክሳይድ የጀመረ ሰው የራሱ ላፕቶፕ ላይ ፈጣን ነው፣ ሌላ ማሽን ላይ ግን ይቆማል።

አሁን የምሠራው አንድ ትንሽ ፋንክሽን ነው፣ ለሞክሼዎቹ። ዞክሳይድ የሚያውቃቸውን ፎልደሮች በደረጃቸው ቅደም ተከተል መዘርዘር ይችላል። ፋንክሽኑ ዝርዝሩን ይቀበላል፣ የእያንዳንዱን ስም ቅጂ ወደ አንድ ሆሄ ያመጣል፣ እኔ የጻፍኩትንም እንዲሁ ያደርጋል፣ ከዚያ ያወዳድራል። የገጠመውን ሲያገኝ በቅጂው ሳይሆን በዋናው ስም ሲዲ ይላል። ባሽ ራሱ ተለዋዋጭ ውስጥ ያለን ፊደል በሌላ መተካት ስለሚችል ሌላ ፕሮግራም አያስፈልገውም። ሥራው ሰንጠረዡ ላይ ነው። ሠ፣ ፀ፣ ሐ፣ ኀ እና ዐ እያንዳንዳቸው ሰባት ስላላቸው 35 ፊደላት ናቸው። ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ሲጨመሩ 37 ይሆናሉ፣ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር። የሠን ቤት ጨርሻለሁ፤ «ዜድ» የነበረበት ቦታ ላይ ፋንክሽኑን ጠርቼ «ሰነ» ስለው «ሠነዶች»ን አምጥቶልኛል። የሐንና የኀን ስጨርስ እንዳለ አስቀምጥላችኋለሁ። እናንተ ጋ በሁለት ዓይነት ሆሄ የተጻፉ የፎልደር ስሞች ካሉ ላኩልኝ፣ ለመሞከሪያ ይሆኑኛል።